በሌላችሁበት ስብሰባ ላይ የሚናገርላችሁ ገጽ

(የድርጅታቸውን ድረ ገጽ ራሳቸው ለሚጽፉ ሰዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። መንተባተቤን አውጥቼዋለሁ። ንዑስ ርዕሶቹን ያስገባኋቸው በኋላ ነው፤ የምሰብከውን ራሴ ካላደረግሁት ያሳፍራል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስለ አጭር ጽሑፍ ሊያወራ መጥቶ መግቢያ የሚያስረዝም ሰው መሳቂያ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት የምሠራበት መሥሪያ ቤት የውሃ ፓምፕ ሊገዛ ፈለገ። እኔ ፓምፕ የሚባል ነገር በቅጡ አይቼ አላውቅም። ሥራው ግን እኔ ላይ ወደቀ። ለምን እኔ እንደሆንኩ ዛሬም አይገባኝም፤ ኮምፒውተር ፊት ብዙ ስለምቀመጥ ይሆናል። አለቃዬ "አራት አቅራቢ ፈልግና በአንድ ወረቀት ጻፍልኝ" አለኝ።

አራት ድረ ገጾች ከፈትኩ። የመጀመሪያው "ከዘመኑ ጋር የዘመነ፣ ለጥራት የቆመ" ይላል። ሁለተኛው ራዕዩን፣ ተልዕኮውንና እሴቶቹን ደርድሯል። ሦስተኛው ላይ የሥራ አስኪያጁ መልእክት አለ፤ ፎቶው ከመልእክቱ ይበልጣል። አራተኛው ላይ ግን በግምት እንዲህ የሚል ነገር አገኘሁ፦ "ይህ ፓምፕ በሰዓት 10 ሺህ ሊትር ውሃ እስከ 30 ሜትር ከፍታ ይገፋል። ዋስትናው 2 ዓመት ነው። ቶሎ የሚያልቁት መለዋወጫዎች ሁልጊዜ መጋዘናችን ውስጥ አሉ።"

እነዚያን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ ገልብጬ ወረቀቴ ላይ አስቀመጥኳቸው። ስለ ሌሎቹ ግን የምጽፈው አጣሁ። ለመጀመሪያው "ለጥራት የቆመ ነው ይላል" ብዬ ልጽፍ? አለቃዬ አነበበና "ስለ ሦስቱስ?" አለኝ። "ፓምፕ እንደሚሸጡ እንጂ ፓምፑ ምን እንደሚሠራ አልጻፉም" አልኩት። አራተኛው ተመረጠ።

ከአራቱ የተሻለው ፓምፕ የእሱ ነበር? ማን ያውቃል። ለእኔ ግን ተሸክሜው የምሄድ ነገር የሰጠኝ እሱ ብቻ ነበር። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚህች ነገር አይወጣም።

ተልኮ የመጣ ሰው

ለራሱ ጫማ የሚገዛ ሰው ካማረው ይገዛል። ባይስማማው የሚቆጣው የለም። ለመሥሪያ ቤቱ የሚገዛው ሰው ሌላ ነው። ገንዘቡ የእሱ አይደለም፣ ስሙ ግን የእሱ ነው። ዕቃው ከተበላሸ "ይሄን ማን ነው ያመጣው?" ይባላል። ስለዚህ ድረ ገጻችሁን የሚያነበው በአንድ ዓይኑ ነው። በሌላኛው አለቃውን ያያል።

ብቻውንም አይወስንም። ፍሬድሪክ ዌብስተርና ዮራም ዊንድ የተባሉ የግብይት ምሁራን በ1972 ድርጅቶች እንዴት እንደሚገዙ ሲጽፉ፣ በአንድ ግዢ ውስጥ አምስት ዓይነት ሚና ለይተው ነበር። በዕቃው የሚጠቀም አለ። ሐሳብ የሚሰጥና ሚዛኑን የሚያዘነብል አለ። ግዢውን የሚፈጽም አለ። የሚወስን አለ። አምስተኛው እኔ የምወደው ነው፤ በር ጠባቂው። የትኛው መረጃ ወደ ውስጥ እንደሚገባና የትኛው ውጭ እንደሚቀር የሚወስነው ሰው ማለት ነው። በዚያ የፓምፕ ታሪክ ውስጥ በር ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ስለ ፓምፕ ምንም የማላውቀው እኔ!

አሁን አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። ጋርትነር የተባለው የጥናት ድርጅት እንደሚለው ገዢዎች ስለ አንድ ግዢ ሲያስቡ ከሚያጠፉት ጊዜ ከአቅራቢዎች ጋር ተገናኝተው የሚነጋገሩበት 17 በመቶው ብቻ ነው። ያውም ከሁሉም አቅራቢዎች ጋር ተደምሮ ነው። ብዙ አቅራቢ እያወዳደሩ ከሆነ የአንዱ ሻጭ ድርሻ 5 ወይም 6 በመቶ ላይ ይወርዳል። የቀረው ጊዜ የት ይሄዳል? ብቻቸውን ሲፈልጉ፣ ሲያነቡ፣ እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ያልቃል። ጎበዝ የሽያጭ ሠራተኛ አላችሁ እንበል። ጎበዙ ሠራተኛችሁ ክርክሩ ሲካሄድ እዚያ ክፍል ውስጥ የለም። ያለው ከድረ ገጻችሁ ተገልብጦ የመጣ ሁለት መስመር ነው።

እንግዲህ ስትጽፉ ይህን አስቡ። የምትጽፉት ለሚያነበው ሰው ብቻ አይደለም። እሱ ሄዶ ለሚነግረው ሰውም ጭምር ነው። ዓረፍተ ነገራችሁ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ሳይፈስ መድረስ አለበት። "ዘርፈ ብዙ መፍትሔ አቅራቢ" የሚለው ገና ኮሪደሩ ላይ ይፈሳል። "2 ዓመት ዋስትና" ግን ስብሰባው ድረስ ይደርሳል።

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ

በ1997 ጃኮብ ኒልሰንና ጆን ሞርክስ የተባሉ የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪዎች ሰዎች ድረ ገጽ እንዴት እንደሚያነቡ ፈተኑ። ከተሳታፊዎቹ 79 በመቶው አዲስ ገጽ ሲያገኙ በዓይናቸው ቃኝተው ነው የሚያልፉት። ቃል በቃል ያነበቡት 16 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። የጥናቱ ሌላኛው ክፍል ግን ብዙም አይወራለትም። ለእኔ የሚበልጠው እሱ ነው።

ስለ ነብራስካ የአሜሪካ ግዛት ጉብኝት የሚያወራ አንድ ጽሑፍ ወሰዱ። መረጃውን ሳይነኩ በአምስት ዓይነት ጻፉት። አንደኛው እንደተለመደው በሙገሳ የታጨቀ ነው። ሌሎቹን ከእሱ ጋር አነጻጸሩ። ቃሉን በግማሽ ገደማ ሲቀንሱት ገጹ ለተጠቃሚዎች በ58 በመቶ ተሻለ። ለመቃኘት እንዲመች አድርገው ሲያደራጁት በ47 በመቶ ተሻለ። ሙገሳውን ብቻ አውጥተው ሌላውን እንዳለ ሲተዉት በ27 በመቶ ተሻለ። ሦስቱንም አንድ ላይ ሲያደርጓቸው 124 በመቶ።

እስቲ 27ቷ ላይ እንቁም። ርዝመቱም ሆነ አቀማመጡ ያው ነው። የቀነሱት ጉራውን ብቻ ነው። ሰዎቹ ግን ሥራቸውን በተሻለ ሁኔታ ሠሩ። ለምን? የሚያሞጋግስ ዓረፍተ ነገር ስናነብ አእምሯችን ሁለት ሥራ ይይዛል። አንድ፣ ምን እንደተባለ መረዳት። ሁለት፣ "እውነት ነው ወይስ ዝም ብሎ ወሬ?" እያለ መጠራጠር። ጥርጣሬ ያደክማል። "በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቅን" ስትሉ አንባቢው አይደነቅም። "በማን የታወቃችሁ?" ይላል በሆዱ።

የእኛ የድርጅት ቋንቋ ደግሞ በዚህ በኩል የተካነ ነው። ይቺን ስሙ፦

"ድርጅታችን የዘመኑን ቴክኖሎጂ በመጠቀም፣ በሰለጠነ የሰው ኃይል በመደራጀት፣ ለክቡራን ደንበኞቻችን ጥራቱን የጠበቀ፣ ቀልጣፋና አስተማማኝ አገልግሎት በመስጠት በዘርፉ ግንባር ቀደምና ተመራጭ ለመሆን ሌት ተቀን እየተጋ ይገኛል።"

እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ግን ሳሰማችሁ ሳቃችሁ፤ ታውቋታላችሁ ማለት ነው። ሰላሳ ቃል አይሞላም፣ ግን ምን ነገረችን? ድርጅቱ ሊፍት ይጠግናል? ሶፍትዌር ይሠራል? የእሳት ማጥፊያ ይሸጣል? አይታወቅም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

አንድ ፈተና አለኝ። ሁሌም እጠቀምበታለሁ። የድርጅታችሁን ስም ከዓረፍተ ነገሩ አውጡና የተፎካካሪያችሁን ስም አስገቡበት። አሁንም ልክ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ የእናንተ አይደለም። ሰርዙት። የላይኛዋን በሊፍት ጥገና ድርጅት እንሞክራት፦

"ሊፍት እንጠግናለን። ሰው ውስጥ ከቀረ በ45 ደቂቃ ውስጥ እንደርሳለን፤ ሌሊትም ቢሆን። ለሌላ ብልሽት በማግስቱ እንመጣለን። በየወሩ የምናደርገውን ምርመራ ውጤት በጽሑፍ እንሰጣችኋለን።"

አያችሁ? "ቀልጣፋ" የምትለዋ ቃል ጠፋች። ቅልጥፍናው ግን መጣ። የሕንፃው አስተዳዳሪም ለባለቤቱ የሚነግረው አገኘ፦ "በ45 ደቂቃ እንደርሳለን ብለዋል።" በእርግጥ መድረስ አለባችሁ። ድረ ገጽ ላይ የጻፋችሁት ቁጥር ነገ እናንተኑ ይከሳል። አንዳንድ ድርጅት ከቁጥር የሚሸሸው ለዚህ ይመስለኛል። "ቀልጣፋ" ማለት ምንም ቃል እንዳልገባችሁ ያህል ነው፤ ማንም አይጠይቃችሁም።

አማርኛችን ሰምና ወርቅ ይወዳል። ወርቁን ሸሽጎ ሰሙን ማሳየት ጥበብ ነው። ድረ ገጽ ላይ ግን ሰሙን የሚያቀልጥ ትዕግሥት ያለው ሰው አይመጣም። ወርቁን ከላይ አድርጉት። ጋዜጠኞች ዋናውን ነገር መጀመሪያ፣ ዝርዝሩን ኋላ የሚሉት ለዚሁ ነው። ኒልሰን በ2006 የ232 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ ነበር። ዓይናቸው ከላይ ያሉትን አንድ ሁለት መስመሮች ወደ ጎን ያያል፣ ከዚያ የግራውን ጠርዝ ይዞ ይወርዳል። ከላቲን ፊደላት ኤፍ የምትባለውን ይመስላል። እኛም ከግራ ወደ ቀኝ ስለምንጽፍ የዓረፍተ ነገራችን መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ውድ ቦታ ነው። እዚያ ላይ "ድርጅታችን ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ" ብሎ መጻፍ የቤቱን ምርጥ ክፍል መጥረጊያ ማስቀመጫ እንደማድረግ ነው። ሲጨመር ደግሞ ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ አንባቢው ምን እንደተደረገ ሳያውቅ መንገድ ላይ ይቀራል። ለአማርኛ ጸሐፊ ማሳጠር ግዴታ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጠረጴዛ የሚያንኳኳው ሰው

ለምን ግን እንደዚያ እንጽፋለን? ክፋት አይደለም። ማወቃችን ነው የሚያስተን።

በ1990 ኤልሳቤጥ ኒውተን የተባለች የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዶክትሬት ጥናቷ ቀላል ነገር ሠራች። ሰዎች በጣም የታወቀ ዘፈን በልባቸው ይዘው ምቱን በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ እንዲያንኳኩ አደረገች። ሌሎች ሰዎች ደግሞ ዘፈኑን መገመት አለባቸው። አንኳኪዎቹ አስቀድመው ሲጠየቁ "ግማሹን ያውቁታል" አሉ። 120 ዘፈን ተንኳኳ። በትክክል የተገመተው 3 ነው።

አንኳኪው ሲያንኳኳ ዜማው ጆሮው ውስጥ እየተዘፈነ ነው። አድማጩ የሚሰማው ግን ቋ፣ ቋ፣ ቋ ብቻ ነው። "ይሄን እንዴት አታውቅም?" ብሎ ይናደዳል አንኳኪው።

ድረ ገጽ ስትጽፉ አንኳኪው እናንተ ናችሁ። "የተቀናጀ የሀብት አስተዳደር ሥርዓት" ስትሉ ዜማው ይሰማችኋል። ሶፍትዌሩን አይታችሁታል፤ የደመወዝ ወረቀቱ ሲታተም፣ የመጋዘኑ ዕቃ ሲቆጠር ታውቁታላችሁ። ሰውየው ግን ቋ፣ ቋ ነው የሚሰማው።

መፍትሔው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማሰብ አይደለም። ተነሱና ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ጋ ሂዱ። "በዚህ ሳምንት ሰዎች ምን ጠየቁሽ?" በሏት። የምትነግራችሁን በራሷ አነጋገር ጻፉት። እኔ አንድ ጊዜ ለአንድ ድርጅት ይህን ሳደርግ የስልክ ሠራተኛዋ ሳትተነፍስ አሥራ አንድ ጥያቄ ቆጠረችልኝ። ከአሥራ አንዱ ድረ ገጹ ላይ የተመለሰው አንድ ነበር። እሱም የሥራ ሰዓት። ሥራ አስኪያጁ ለወራት ከዲዛይነር ጋር ስለ ቀለም ሲጨቃጨቁ ነበር። መልሱ ከእሳቸው ቢሮ ሁለት በር አለፍ ብሎ ተቀምጧል።

ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። ሰው ስልክ ላይ የሚጠይቅበት ቃልና ጎግል ላይ የሚጽፈው ቃል ወንድማማች ናቸው። ገዢው "ጄኔሬተር ኪራይ" ብሎ እየፈለገ እናንተ "የኃይል አቅርቦት አማራጮች" ብላችሁ ከጻፋችሁ አትገናኙም። ስለ ጎግል ከዚህ በላይ አላወራም። ሙሉ ቀን የሚያወሩ ሌሎች ሰዎች አሉ።

አልሸሹም ዞር አሉ

አሁን ወደሚያጣላን ነገር እንምጣ። ዋጋ።

የኒልሰን ቡድን ለድርጅቶች የሚሸጡ ድረ ገጾችን ሲያጠና ለተጠቃሚዎች 28 ዓይነት መረጃዎች አቅርቦ "ከእነዚህ የትኛው ይበልጥ ያስፈልጋችኋል?" ብሏቸው ነበር። ዋጋ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛው ዕቃው መኖር አለመኖሩ ነው፤ ዋጋ እሱን እንኳ በሰፊው በልጦታል። ብዙ ድርጅቶች የሚደብቁት ደግሞ ይህንኑ ዋጋ ነው። "ለዋጋ ያግኙን።" አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው።

ምክንያታችሁን አውቃለሁ። "ዋጋችን እንደ ሥራው ይለያያል።" እውነት ነው። "ተፎካካሪ ያየዋል።" ተፎካካሪያችሁ ዛሬውኑ ደንበኛ መስሎ ደውሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ምናልባት ጠይቋል። "ደንበኛው ይደነግጣል።" የሚደነግጠው ደንበኛ ከሦስት ስብሰባ በኋላ ከሚደነግጥ ዛሬ ቢደነግጥ ለሁለታችሁም ይሻላል።

ተልኮ የመጣውን ሰው አስቡት። አለቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ነው?" ብሎ ነው። ቁርጥ ያለ ዋጋ አያስፈልገውም። የመቶዎች ነገር ይሁን የሚሊዮኖች ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ያንን ካልሰጣችሁት ወረቀቱ ላይ በእናንተ ስም ትይዩ ባዶ ሳጥን ይቀራል። ባዶ ሳጥን ያለው አቅራቢ ደግሞ መጀመሪያ ይሰረዛል። ማንም ተጠልቶ አይደለም፤ ሰው ስለሚቸኩል ነው።

ዋጋው የሚለያይ ከሆነ የሚለያይበትን ምክንያት ጻፉ። የፎቁ ብዛት ነው? የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ነው? ርቀቱ ነው? "ሃምሳ ሠራተኛ ላለው ድርጅት በአብዛኛው ከዚህ እስከዚህ ይደርሳል፤ ዋጋውን የሚያንሩት ሁለት ነገሮች እነዚህ ናቸው" በሉ። መነሻ ዋጋ መጻፍም አንድ ነገር ነው። ይህንንም የማይፈቅድ ሥራ ካላችሁ፣ ሰውየው ዋጋ ሲጠይቅ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበትና መልሱ በስንት ቀን እንደሚደርሰው ንገሩት። ቢያንስ ለአለቃው "ሐሙስ ይልኩልናል" ማለት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው "የመጠየቂያ ፎርም አለን እኮ" ሊለኝ ይችላል። ፎርማችሁን አይቼዋለሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የሥራ መደብ፣ የድርጅቱ መጠን፣ "ስለ እኛ እንዴት ሰሙ?"... ዋጋ የጠየቀ ሰው ቪዛ የጠየቀ መሰለው። ስም፣ ስልክ ወይም ኢሜይል፣ ምን እንደሚፈልግ። ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።

ለእያንዳንዱ የሚበቃው

አምስቱን ሰዎች አስታውሱ። ሁሉንም በአንድ ገጽ አታስተናግዷቸው፤ ግን ማንም በሩ ላይ እንዳይቀር።

ቴክኒሺያኑ ሠንጠረዥ ይፈልጋል። ልኬት፣ አቅም፣ ከምን ጋር እንደሚሠራ፣ ከምን ጋር እንደማይሠራ። ለእሱ ማሳጠር አያስፈልግም፤ ዝርዝር ሲበዛለት ደስ ይለዋል። ሠንጠረዡን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፣ ኢሜይል ላይ አያይዞ ይልከዋል። ግን ፒዲኤፉ ላይ ብቻ አትደብቁት። ስልክ ላይ እያጎላ እያሳነሰ የሚያነብን ሰው አስቡለት። የፒዲኤፉን ስምም እዩት። "የመጨረሻ_ሦስት_አዲስ" የሚል ፋይል የደረሰው አለቃ ምን ያስባል?

የፋይናንስ ሰው የክፍያ ሁኔታ፣ የውል ዘመን፣ ውል ማፍረስ ቢፈልግ ምን እንደሚሆን ይፈልጋል። ይህን የሚጽፍ ድርጅት ጥቂት ስለሆነ የጻፈው ወዲያው ይታመናል። በዕቃው የሚጠቀመው ሠራተኛ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ "ሥራዬን ያቀልልኛል ወይስ ያበዛብኛል?" አንድ የሥራ ቀን ከእናንተ ዕቃ ጋር ምን እንደሚመስል ጻፉለት።

ወሳኙ ሰው ምስክር ይፈልጋል። "ከእኛ በፊት የሞከረው ማን ነው?" ነው ጥያቄው። እዚህ ላይ የደንበኞችን አርማ መደርደር የተለመደ ነው። ክፉ አይደለም፤ ግን አርማ አይናገርም። አንድ ደንበኛ ምን ችግር እንደነበረበት፣ ምን እንዳደረጋችሁለት፣ ከዚያ ምን እንደተለወጠ በስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገር ብትጽፉ ከሃያ አርማ ይበልጣል። ስሙን ለመጥራት ፈቃድ ጠይቁ። ስሙን ካልፈቀደ ዓይነቱን ግለጹ፦ "ሁለት መቶ አልጋ ያለው ሆስፒታል" ይበቃል። ታሪኩ ውስጥ ያስቸገራችሁን ነገር ማስገባትም አትፍሩ። "መጀመሪያው ሳምንት ላይ መረጃው በትክክል አልገባም ነበር፤ በሁለተኛው አስተካከልነው" የሚል ዓረፍተ ነገር ካነበብኩ የቀረውን አምናለሁ።

ስለ ሊንክ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ገጹ ሙሉ "እዚህ ይጫኑ" እና "ተጨማሪ ያንብቡ" ነው። ፒተር ፒሮሊና ስቱዋርት ካርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው መረጃ ሲፈልግ አውሬ ምግቡን እንደሚፈልገው ሽታ ይዞ ነው የሚሄድ ይላሉ። "ተጨማሪ ያንብቡ" ሽታ የለውም። "የዋስትናውን ዝርዝር ያንብቡ" ግን አለው። ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት ስክሪን የሚያነብ ፕሮግራም ሊንኮችን ለብቻቸው ዘርዝሮ ማንበብ ይችላል። አሥር ጊዜ "እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ" ሲላችሁ አስቡት።

"ዜና" የሚለው ክፍልም አለ። የመጨረሻው ዜና ከአራት ዓመት በፊት ከሆነ አንባቢው "እነዚህ ሰዎች አሉ?" ይላል። ማሳደስ ካልቻላችሁ ክፍሉን አንሱት። ዝም ያለ ገጽ ከሞተ ገጽ ይሻላል።

ከጥያቄዎቹ

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ተነሣ። ሁለቱን ልጻፍ።

አንዲት እህት "ስለ እኛ የሚለውን ገጽ እናጥፋው ታዲያ?" አለች። አታጥፉት። ለድርጅት የሚገዛ ሰው ያንን ገጽ በእርግጥ ይከፍተዋል። የሚከፍተው ግን ራዕያችሁን ፍለጋ አይደለም። የውሸት ድርጅት አለመሆናችሁን ሊያጣራ ነው። መቼ እንደተቋቋማችሁ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትገኙ፣ ማን እንደሚመራችሁ፣ ምን ፈቃድ እንዳላችሁ። ይህን አስቀድሙ። ራዕዩ ከታች ቢቀመጥ ማንንም አይጎዳም።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ደግሞ ቆጣ ብለው ተነሡ። "የእኛ ሥራ ውስብስብ ነው። በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚባል ነገር አይደለም" አሉ።

"አጠገብዎ ላለችው ልጅ ያስረዷት፣ እኛ ዝም እንላለን" አልኳቸው።

ትንሽ ካቅማሙ በኋላ ወደ ልጅቷ ዞሩ። "ፋብሪካ ውስጥ ያለ ማሽን ሲሰበር ሥራ ይቆማል አይደል? እኛ ማሽኑ ላይ ትንሽ መሣሪያ እንገጥማለን። መሣሪያው ንዝረቱን ያዳምጣል። ሊሰበር ሲል ድምፁ ይለወጣል። ያኔ ለጥገናው ሰው በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል። ሳይሰበር ይቀይረዋል።"

አዳራሹ ዝም አለ። እኔ እየጻፍኩ ነበር። "ድረ ገጽዎ ላይ ምን ይላል?" አልኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው አነበቡ፦ "የላቀ የቅድመ ትንበያ ክትትል መፍትሔዎች አቅራቢ።" ራሳቸውም ሳቁ።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ግዢ ክፍል ነው የምትሠራው። ማስታወሻዋን ከፍታ እስክሪብቶዋን አወጣችና "ለአንድ ማሽን ስንት ነው?" አለቻቸው።